በሁለት ቅጂ የተጻፈ ዕዳ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ የቤት ኪራይ ውል ልታስጽፍ መጣች። ደሴ ፍርድ ቤት አጠገብ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ማተሚያ ይዤ ማመልከቻና ውል በመጻፍ ስተዳደር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ድሮ ራፖር ጸሐፊ ይሉን ነበር፤ አሁንም የሚሉን አሉ። ጧት ነበር፣ የጦሳ ተራራ ጉም ገና ከአስፋልቱ አልተነሣም። ቀኑን ጽፌ ስጨርስ ልጅቷ ሂጃቧን አስተካክላ ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አለችና «ጋሼ፣ ይህ ዓ.ም. የሚባለው ምን ማለት ነው?» አለችኝ።

«ዓመተ ምሕረት።»

«የማን ምሕረት?»

በቀን ሃያ ሠላሳ ጊዜ የምጽፈው ነገር ነው። ከሳሽም ተከሳሽም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይፈርምበታል። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም።

በቤተ ክርስቲያናችን አቆጣጠር ከምሕረቱ ዘመን በፊት 5500 የፍዳ ዓመታት አሉ። አዳም ሕግ አፍርሶ ከገነት ሲወጣ እግዚአብሔር «ከአምስት ቀን ተኩል በኋላ ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ» ብሎ ቃል ገባለት ይላሉ አባቶች። ሺህ ዓመት በእርሱ ዘንድ እንደ አንድ ቀን ነውና አምስት ቀን ተኩሉ 5500 ዓመት ይሆናል። በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን የዘመኑን ወንጌላዊ ለማወቅ 5500ውን ከዓመተ ምሕረቱ ጋር ደምረው ለ4 የሚያካፍሉት ከዚህ ተነሥተው ነው። ተስፋው ቀነ ገደብ ነበረው ማለት ነው፤ እንደ ውል።

ይህን የምጽፈው ስብከቶቻችን ውድቀቱ ላይ ቆመው ስለቀሩብኝ ነው። በድምፅ ማጉያ የሚመጣልን ብዙ ጊዜ «ሴቲቱ አሳተችው» የሚለው ነው። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 3ን ግን እንደ ችሎት መዝገብ አንብቡት። ቁጥር 6 ላይ አዳም «ከእርስዋ ጋር በላ» ተብሎ ተጽፏል። ሲጠየቅስ? «ከእኔ ጋር እንድትሆን የሰጠኸኝ ሴት» አለ። ሚስቱን ብቻ ሳይሆን ሰጪውንም ከሰሰ። ሔዋን ደግሞ ወደ እባቡ ጠቆመች። እኔ ለተከሳሾች የምጽፈው መልስ ዘጠና እጁ ይኸው ነው፦ ጥፋቱ የእኔ ሳይሆን የሌላ ነው። «አጥፍቻለሁ» ብለህ ጻፍልኝ ያለኝ ደንበኛ ትዝ አይለኝም።

ከዚያ የፍርዱን ቅደም ተከተል ተመልከቱ። የመጀመሪያው ፍርድ የእባቡ ነው፤ የሴቲቱ ዘር ራስህን ይቀጠቅጣል የሚለው ተስፋም የተነገረው እዚያው፣ ቁጥር 15 ላይ ነው። የአዳም ፍርድ የሚነበበው ከቁጥር 17 ጀምሮ ነው። ተከሳሹ ቅጣቱን ሳይሰማ የመዳኑን ነገር ሰምቷል። ሲባረርም ራቁቱን አልተባረረም፤ የቁርበት ልብስ አለበሳቸው ይላል። እንዲህ ያለ ችሎት አላየሁም።

በሙያዬ ምክንያት ይበልጥ የምወደው ግን የዕዳ ደብዳቤውን ትውፊት ነው። ዲያብሎስ አዳምንና ሔዋንን መከራ ሲያጸናባቸው «የባርነታችሁን ደብዳቤ ጽፋችሁ ስጡኝ፣ ላቅልላችሁ» አላቸው። «አዳም የዲያብሎስ ባሪያ፣ ሔዋን የዲያብሎስ ገረድ» ብለው ጻፉ። እርሱም አንዱን በዮርዳኖስ፣ አንዱን በሲኦል ደበቀው። በሁለት ቅጂ መሆኑ ነው፤ ጠንቃቃ አበዳሪ ነበር። ክርስቶስ የዮርዳኖሱን ሲጠመቅ፣ የሲኦሉን በስቅለቱ ዕለት ወርዶ ደመሰሰው። ጥር 11 ቀን ውሃ ስንረጭ፣ በትንሣኤ ሌሊትም በደሴ መድኃኔ ዓለም «አሰሮ ለሰይጣን፣ አግዐዞ ለአዳም» ሲባል የምናከብረው ይህን ነው። ሰይጣንን አሰረው፣ አዳምን ነፃ አወጣው። በየቤተ ክርስቲያኑ የትንሣኤ ሥዕል ላይ ደግሞ ጌታ ሔዋንንም አብሮ ያወጣታል። ሰባኪዎቻችን ከሚሰብኩት ሠዓሊዎቻችን የሣሉት ይሻላል።

ለልጅቷ ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። ወሎ ውስጥ ይህ ነገር ሌላም ታሪክ አለው። በ1870 ዓ.ም. ከከተማችን ወጣ ብሎ ቦሩ ሜዳ ላይ ሊቃውንቱ በዐፄ ዮሐንስ ፊት የተከራከሩት የዚህኑ አዳኝ ልደት ሁለት ነው ሦስት እያሉ ነበር። ከጉባኤው በኋላ ግን የወሎ ሙስሊም በአዋጅ ተጠመቅ ተባለ። የደሴ መድኃኔ ዓለምን ያሠሩት ንጉሥ ሚካኤልም ከዚያ በፊት መሐመድ አሊ ነበሩ። አዳምን ማንም በአዋጅ አላስገደደውም፤ ቃል ተገባለት እንጂ። እኛ ግን የተሰጠንን ይዘን ሌላውን ለማስገደድ ቸኮልን። ስለዚህ የልጅቷ «የማን?» የዋዛ ጥያቄ አልመሰለኝም። «የእግዚአብሔር» ብዬ ብቻ ዝም አልኩ። እርሷም «እንግዲህ ይማረን» ብላ ፈረመች።

ጦርነቱ ደሴ በገባ ጊዜ ንብረታቸው ለተዘረፈ ሰዎች ብዙ ማመልከቻ ጽፌያለሁ። «በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. የሱቄ በር ተሰብሮ» እያልኩ ስጽፍ ጣቴ ዓ.ም. ላይ ሲደርስ የሚቆምበት ቀን ነበር። የ2014ን ምሕረት የት እንደማገኘው ዛሬም ቢጠይቁኝ በአንድ አፍ አልመልስም።

ከዚያ በኋላ ግን ከኩታበር በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በበግ ንግድ ያበደሩትን ገንዘብ ሊምሩ ተበዳሪውን ይዘውት መጡ። የምሕረት ወረቀት ልጽፍ ጀመርኩ። «ተወው» አሉኝና የእርሳቸውን ቅጂ ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው ቀደዱት። ከዚያ ወደ ሰውየው ዞረው «ያንተንም አምጣ» አሉት። እርሱ ለማስታወሻ ላስቀምጠው ብሎ ተለማመጠ። እሺ አላሉትም። ለምን ብዬ ጠየቅኳቸው።

«አንዱ ከቀረ» አሉኝ፣ «ልጆቼ ያገኙታል።»