ግዥ ነው፣ መቼም ያገኛል

ደብረ ብርሃን አንድ ካፌ ቁጭ ብለን ነው። አንድ ባለፋብሪካ ለግዥ ኃላፊው የሚከፍለውን ሲነግረን «አላነሰም?» አልነው። «ግዥ ነው እኮ፣ መቼም ያገኛል» አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። «ሲሾም ያልበላ» የሚለውን ተረት የደመወዝ ስኬል አደረገው ማለት ነው። በኋላ ደግሞ ሰውየውን ሌባ ይለዋል።

በዚሁ ሥራ ላይ ያለ ጓደኛ አለኝ። ማሽን ከቆመ ሌሊት ይደወልለታል። ሳይነጋ ጋቢውን ደርቦ መናኸሪያ ነው። ጫጫን፣ ሸኖን፣ አለልቱን አልፎ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ይገባል። ይህ ሁሉ ለአንዲት ኩሽኔታ፣ የማሽን ዘንግ ለሚሽከረከርባት የብረት ቀለበት ነው። በጣቱ ያሽከረክራታል፣ ጆሮው ላይ አስጠግቶ ያዳምጣታል። ፎርጅዷ ትንኳኳለች ይላል። ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበስባል። «ደረሰኙን ስንት ላድርግልህ?» የሚለው ነጋዴ አይጠፋም። ማታ ኩሽኔታዋን በፌስታል አንጠልጥሎ ይመለሳል። ውሎ አበሉ ምሳውን ከሸፈነለት ተመስገን ነው።

ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ባሰ። አለቃ ፕሮፎርማውን እስኪፈርም ዋጋው ይቀየራል። ወቀሳው ግዥ ላይ ነው።

ደመወዙን 20,000 ብር እንበለው። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር 4,950 ብር ይሄዳል። ጡረታ 7 በመቶ፣ 1,400 ብር። እጁ የሚገባው 13,650 ነው። በዚህ ብር የሚሊዮን ብር ግዥ ላይ ይፈርማል።

«ኃላፊ» ስትባሉም ቶሎ ደስ አይበላችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሥራ መሪዎችን አይሸፍንም። መቅጠርና ማሰናበት በእጃችሁ ከሆነ ከሕጉ ውጭ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ስለዚህ የዓመት ፈቃዱም የስንብት ክፍያውም ውል ላይ ይጻፍ።

ሥራው እንደሆነ አለ። ብርድ ልብሱ፣ ቢራው፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ሁሉም ገዥ ይፈልጋል። ኩሽኔታም ገብስም የሚያውቅ ልጅ እዚህ ከተማ ሥራ አያጣም። የሚያጣው ደመወዝ ነው።

ለባለፋብሪካው «ካተረፈልህ ላይ በመቶኛ ስጠው፣ በደረሰኝ» አልኩት። «ቢሰርቀኝስ?» አለ።

አሁንም እየሰረቀኝ ነው ያልከን አንተው አይደለህ እንዴ?