ይድረስ ለክቡር የጎረቤቴ ካሜራ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን፣ የግንብ አጥር ጫፍ

ክቡርነትዎ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ እንዴት እንደሰነበትኩ መጠየቅ አያስፈልግዎትም፤ ቀርጸውታል።

ይህን ማመልከቻ ያጻፈኝ የሐሙስ ሌሊቱ ጉዳይ ነው። እንደሚያውቁት (ምን የማያውቁት አለ?) በሰኔ የድሬ ሰው ቤት ውስጥ አይተኛም። ቆርቆሮው ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ይተፋዋል። እኔም እንደ አባቴ አልጋዬን ግቢ አውጥቼ፣ ሽርጤን አገልድሜ ተኛሁ። ስምንት ሰዓት ገደማ ያልታሰበ ዝናብ ወረደ። ፍራሼን ተሸክሜ ወደ በረንዳው ስሮጥ የሽርጤ ጫፍ በአልጋው ብረት ተያዘ። እኔ ሄድኩ፤ ሽርጡ ቀረ። እስከዚህ ድረስ ጉዳዩ በእኔና በፈጣሪዬ መካከል ነበር። እርስዎ ግን ቀያይ መብራቶችዎን አፍጥጠው ጩኸትዎን ለቀቁት፤ አስከትለውም በድምፅ ማጉያዎ «ማነህ? ባለህበት ቁም!» አሉኝ። በገዛ ግቢዬ! ቆምኩ፤ ፍራሹን ከፊቴ አድርጌ። ሰፈሩ ዱላና ባትሪ ይዞ ሲደርስ የተያዘው ሌባ እኔ ነበርኩ፤ ኤግዚቢቱም ፍራሼ።

ቅዳሜ ቡና ተጠራሁ። ሁለተኛው ሲኒ ላይ የአሳዳሪዎ ስልክ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እኔም ጋ ደረሰ። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ የገዛ ጀርባዬን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ጥራትዎ አይታማም። የማዶዋ እትዬ «ምነው ልጄ፣ እንዲህ ከስተሃል?» ብለው ከልባቸው አዘኑ። አሳዳሪዎ ግን «አቦ፣ ሳቅ እኮ ነው!» አሉ።

ቀበሌ ሄድኩ። «ካሜራው የተሰቀለው በማን ግድግዳ ነው?» በእርሳቸው። «ታዲያ?» ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን እንደሚያስከብር፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት ማሳየትን እንደሚከለክል አስረዳሁ። ጸሐፊው ጥቂት አስቦ «ረከቦት ዙሪያ የተቀመጠ ሰው ሕዝብ ይባላል?» ሲል ጠየቀኝ። ሰኞ ተመለስ ተብያለሁ።

በመጋቢት የጋዝ ሲሊንደሬ ሲሰረቅ ምስሉን ብለምን «መብራት ጠፍቶ ነበር» መባሌን አላነሣም።

አንድ ነገር ግን ስማ። አዎ፣ አንተ! ልጄ ግቢ ወጥታ ፀጉሯን መታጠብ ትታለች። ባለቤቴ በዚህ ሙቀት በር ዘግታ ትተኛለች፤ ሌሊቱን ስትገላበጥ እሰማለሁ። የተሰቀልክበት ግንብ ሁለት ቤት ሠላሳ ዓመት ወጥ የተቀባበለበት ግንብ ነው። ሌባ ከሆነ የምትጠብቀው፣ ሌባ የሚመጣው በመንገዱ ነው፤ መንገዱ ደግሞ ከኋላህ ነው። አንገትህ እንደሚዞር አይቻለሁ። አዙረው!

ይቅርታ፣ ክቡርነትዎ፤ ሙቀቱ ነው። ነገ በአጥሩ ልክ የማዳበሪያ ከረጢት ሰፍቼ እሰቅላለሁና የሚቀርጹት ካለዎት ዛሬ ማታ ይጨርሱ። ሽርጤን በመርፌ ቁልፍ አስሬዋለሁ።