ቅጠሉን ብቻ ሳይሆን ነዶውንም መዝኑ

በአሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ ግዛት ውስጥ፣ ፓልመርተን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. ከ1898 እስከ 1980 ዚንክ ይቀለጥባት ነበር። ከጭሱ ጋር የወጣው ዚንክ፣ እርሳስና ካድሚየም አጠገቧ ያለውን ብሉ ማውንቴን የተባለ ተራራ ራቁቱን አስቀረው። ወደ 800 ሄክታር የሚጠጋ ደን ጠፋ።

እንዲህ ያለ መሬት በሁለት መንገድ ይታከማል። አንዱ እነዚህን ብረቶች እንዳይንቀሳቀሱ እዚያው አፈሩ ውስጥ ማሰር ነው። ሌላው በተክል አስመጥጦ ማጨድ። ይህን ሁለተኛውን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1983 ያቀረበው የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ተመራማሪ ሩፉስ ቼኒ ነው። ኖኬያ ሴሩሌሰንስ የምትባለው የጎመን ዘመድ ፓልመርተን ላይም ተሞክራለች። ቅጠሎቿ መሬት ላይ የተነጠፉ፣ አበባዋ ነጭ የሆነ ትንሽ ተክል ናት። ግን በአንድ ኪሎ ደረቅ ቅጠል ከ10 ግራም በላይ ዚንክ መሸከም ትችላለች። ብዙው ሰብል የዚህን አንድ አሥረኛ እንኳ አይችልም።

እንዲህ ባለ ተክል ሥራ ላይ ለአፈሩ ካልሲየም መስጠት ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? ጥያቄዬ ይህ ነው። ካልሲየምና ዚንክ ሁለቱም ሁለት ሁለት ፖዘቲቭ (አዎንታዊ) የኤሌክትሪክ ቻርጅ አላቸው። ካልሲየም ሲበዛ የሥሩን ገጽ ቀድሞ ይይዝና ለዚንክ ቦታ ያጠባል። ስለዚህ ቅጠሉ ውስጥ የሚገኘው ዚንክ ሊቀንስ ይችላል። ይህን ያየ ሰው ካልሲየም ሥራውን ያበላሻል ብሎ ቢደመድም አይገርምም። እኔ ግን አልስማማም። የሕዋስን ግድግዳ የሚያጠነክረው፣ ሥሩን ከብረት መርዝ የሚከላከለው ይኸው ካልሲየም ነው። ከአሮጌው ቅጠል ተነስቶ ወደ አዲሱ መሄድ ስለማይችል፣ ሲጎድል መጀመሪያ የሚጎዱት ለጋው ቅጠልና የሥሩ ጫፍ ናቸው። ሥሩ ከሞተ ዚንኩን ማን ይመጥጣል?

እስቲ ለምሳሌ ሒሳቡን እንሥራው። በሄክታር 2 ቶን ደረቅ ምርት፣ በኪሎ 10 ግራም ዚንክ ቢይዝ፣ የሚወጣው 20 ኪሎ ነው። ካልሲየም ተጨምሮ ምርቱ 4 ቶን ቢሆንና በኪሎ ያለው ዚንክ ወደ 7 ግራም ቢወርድ፣ 28 ኪሎ ይወጣል። ቅጠሉ ደኸየ፤ መሬቱ ግን ይበልጥ ጸዳ።

ካልሲየም ሲባል ግን ሁሉም አንድ አይደለም። ኖራ ካልሲየም ይሰጣል፤ በዚያው ልክ የአፈሩን አሲድነት ስለሚያጠፋ ዚንኩን ያስረዋል። በኢትዮጵያ ደጋ አካባቢዎች አሲዳማ ማሳ ላይ የሚበተነው ያው ኖራ ነው። ብሉ ማውንቴን ላይም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከፍሳሽ ዝቃጭና ከከሰል አመድ ጋር ተደርጎ ሣር አብቅሏል። ማሰር ለፈለገ ጥሩ ነው። ማውጣት ለፈለገ ግን ጂፕሰም (ካልሲየም ሰልፌት የተባለው ማዕድን) ይሻለዋል፤ አሲድነቱን ብዙም ሳይነካ ካልሲየም ይሰጣል።

ስለዚህ በእነዚህ ተክሎች ላይ የምትሠሩ ባለሙያዎች፣ ውጤታችሁን ስታወጡ በኪሎ ቅጠል ያለውን ዚንክ ብቻ ጽፋችሁ አታቁሙ። ካልሲየሙ በምን መልክ እንደተሰጠ፣ ነዶው ስንት እንደመዘነ፣ ከሄክታሩ ስንት ኪሎ ዚንክ እንደወጣም ጻፉልን። የተበከለ መሬት ላይ የሚኖር ሰው የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።