ስም በነፃ፣ ባነር በካሬ

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብሎ የተረተው ሰው ኮዬ ፈጬን ሳያይ የሞተ መሆን አለበት። ከቱሉ ዲምቱ አልፈው ወደ ኮንዶሚኒየሞቹ ሲገቡ፣ ምድር ቤት የተደረደሩትን ሱቆች ቀና ብለው ይመልከቱ። የአሜሪካው በርገር አለ። የጣሊያኑ ሱፍ አለ። ቦሌ ላይ ስሙ የገነነው ሥጋ ቤትም፣ ባለቤቱ ሳይሰማ፣ እዚህ ቅርንጫፍ ከፍቷል። ሁሉም ደምቋል፤ ወርቁ ግን የሰው ነው።

ይህን ልማድ የሚነቅፉ ሰዎች አይገቡኝም። እኔ ትሕትና ነው የምለው። ሌላው ዕድሜውን ሙሉ ለፍቶ ያስጠራው ስም እያለ፣ «የለም፣ እኔ በራሴ ስም እታወቃለሁ» ማለት ምን ዓይነት ትዕቢት ነው? ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የኛ ሰፈር ሰው መቃብሩን አልጠበቀም፤ ባለቤቱ በሕይወት እያለ በሱቁ በር ላይ ሰቀለው።

የዚህ ጥበብ ዩኒቨርሲቲ ባነር ቤቱ ነው። ደንበኛው ይገባና ስልኩን ያወጣል።

«ወንድሜ፣ እንደዚህ አድርግልኝ።»

ልጁ ያያል። አረንጓዴ ክብ፣ መሃሉ ላይ ዘውድ የደፋች ፀጉረ ረጅም ሴት።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የታወቀ ነው። አያስጠይቅም?»

«እሷን አውጣና ጀበና አስገባበት።»

ልጁ ሴትዮዋን ያጠፋል፣ ጀበናዋን ይተክላል። ጀበናዋ ትንሽ ስላነሰች ጎትቶ ያሰፋታል። ፊደሉም ክቡም አረንጓዴውም እንዳለ ነው። ሂሳቡ በካሬ ሜትር ነው፤ ስሙ በነፃ።

ጫማውንማ አታንሱት። አስፋልቱ ዳር ሸራ ላይ ከተዘረጋው አንዱን ያንሱ፤ ጎኑ ላይ ያለው መስመር አራት ነው። ፈረንጅ ሰስቶ ሦስት ያደረገውን የኛ ሰው መርቆ ሰጠን። «ኦሪጅናል ነው?» ብለው ቢጠይቁ ሻጩ አይዋሽዎትም። «ኦሪጅናል ኮፒ ነው!» ይላል፣ ኮራ ብሎ።

እርስ በርሳችንም አንሰሳሰትም። አንዲት እናት ሽሮ ቤት ከፈቱ እንበል። ስሙንም «እናት ሽሮ» እንበለው። ሰው ተሰለፈ። ብዙም ሳይቆይ ፊት ለፊት «እናቴ ሽሮ» ተከፈተ። ቀጥሎ «ዋናው እናት ሽሮ»። ከጥጉ ደግሞ «እናት ሽሮ ቁጥር 2»፤ ቁጥር አንዷ ግን መወለዱን አልሰሙም። ከሁሉ የምወደው መጨረሻ የመጣውን ነው። በሩ ላይ በቀይ ቀለም «ከአስመሳዮች ይጠንቀቁ! ሌላ ቅርንጫፍ የለንም» ብሎ ለጥፏል።

ሕጉ ብቻ ነው ይህን ፍቅር የማይረዳው። የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 ምልክቱን ላስመዘገበ ሰው ለ7 ዓመት የብቻው ያደርግለታል፤ በየ7 ዓመቱም ያድስለታል። በዓለም የታወቀን ምልክት ደግሞ እዚህ ባይመዘገብም ይከልለዋል። ሆን ብሎ ለጣሰ የተቆረጠው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። አቤት ጭካኔ! ለአንዲት ጀበና!

ደግነቱ ባለ ሽሮዋ ይህን አያውቁም። የንግድ ፈቃዳቸውን በፍሬም አስገብተው ግድግዳው ላይ ሰቅለዋል፤ ስሙ የሳቸው መሆኑ በዚያው ያለቀ ይመስላቸዋል። የንግድ ስም የሚመዘገበው ንግድ ቢሮ ነው። የንግድ ምልክት ደግሞ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ፣ በሌላ ማመልከቻ፣ በሌላ ክፍያ። «ዋናው» ነኝ ባዩ ቀድሞ ቢያመለክት ማስታወቂያ ይወጣል፤ ተቃዋሚ ካለ በ60 ቀን ውስጥ ይምጣ ይባላል። ሽሮ እያማሰሉ ማስታወቂያ የሚያነቡ ካሉ ያንብቡ።

አንድ ጊዜ ግን እኛም ተነክተን ነበር። በ1997 ዓ.ም. መንግሥት ይርጋጨፌን፣ ሐረርንና ሲዳሞን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲያመለክት የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። የዚያ አረንጓዴ ክብ ባለቤት፣ የአሜሪካው የቡና ኩባንያ ስታርባክስም ሲዳሞ የሚል ስም ያለበት የራሱን ማመልከቻ ቀድሞ አስገብቶ ነበር። ስምምነት የተፈረመው ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ በ1999 ነው። ጤፍም አለ። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አውጥቶ ዓመታት ከረመ፤ የሄግ ፍርድ ቤት «ይህ ምን አዲስ ፈጠራ አለው?» ብሎ የሻረው በኅዳር 2011 ነው። ያኔ ያልተቆጣ አልነበረም። ልክም ነበርን። የገበሬው ላብ ነዋ!

ይህ ወሬ ዛሬም ይነሳል፤ በተለይ ባለ ጀበናዋ ካፌ ውስጥ። «እነዚህ ፈረንጆች ስማችንን ሊነጥቁን!» ይላል አንዱ፣ አረንጓዴ ክብ የታተመበትን ስኒ እያስቀመጠ። ሌላው በንዴት ጠረጴዛ ይመታል፤ ማኪያቶው ይፈስሳል። አስተናጋጇ ጠርጋ ደረሰኝ ታመጣለች። ደረሰኙ ላይ ያለው ስም በሩ ላይ ካለው ጋር በፍጹም አይገናኝም። የባለቤቱ የራሱ ስም ነው፣ እስከነአባቱ። ለግብር የሰው ስም አይሠራማ።