ለአራት መስመር ኮድ ሦስት ወር ደጅ ጠናሁ

እስኪ እናንተው ፍረዱኝ። ዛሬስ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የእህቴ ልጅ የተወለደችው ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ነው። ልደቷን አንድ ኦፕን ሶርስ ካላንደር (ኮዱን ማንም አይቶ ማስተካከያ ሊልክለት የሚችል) ላይ ሳስገባ «የተሳሳተ ቀን» ብሎ መለሰልኝ። ኮዱን ከፍቼ አየሁት። ጳጉሜን ሁልጊዜ 5 ቀን አድርጎ ነው የሚቆጥረው። በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ 6 እንደምትሆን እዚህ ደብረ ብርሃን ማንንም ብትጠይቁ ይነግራችኋል። ማስተካከያው አራት መስመር ነው። አራት!

የካላንደሩ አዘጋጆች ማስተካከያ ለሚልክ ሰው ያወጡትን መመሪያ ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። መመሪያ ጠልቼ አይደለም። አንድ ፑል ሪኩዌስት፣ ማለትም «ይህን ለውጥ ተቀበሉኝ» የሚል ጥያቄ፣ አንድ ለውጥ ብቻ ይያዝ ይላል፤ ልክ ነው፣ የሚያየው ሰው እንዳይደናገር። የኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) መልእክቱ ኮዱ ለምን እንደተለወጠ ይናገር ይላል፤ ዘመነ ሉቃስን ሳይቀር አስረድቼ ጻፍኩ። ቴስት (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ኮድ) ጨምሩ ይላል፤ 2015 ላይ ጳጉሜ 6ን እንዲቀበል፣ 2016 ላይ እንዳይቀበል አድርጌ ጻፍኩ።

ከመላካችሁ በፊት ቴስቱን በሙሉ በራሳችሁ ኮምፒውተር ራን አድርጉ ይላል። የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። ለዚያ የሚያስፈልገውን ለማውረድ የወር ፓኬጄ በአንድ ሌሊት አለቀ። ሌሊት የሆነው ኔትወርኩ ያኔ ስለሚሻል ነው። በዚያ በታኅሣሥ ውርጭ ጋቢ ተከናንቤ ቁጭ ብዬ፣ 87 በመቶ ላይ መብራት ሄደ። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። በማግስቱ ሌላ ካርድ ገዝቼ ከዜሮ ጀመርኩ።

ላክሁ። «ቴስት ወድቋል» ተባልኩ። ባየው የወደቀው እኔ ያልነካሁት ፋይል ነው፤ ዋናው ብራንች (የእነሱ ዋና ኮድ) ላይም ወድቋል። የአብዬን ወደ እምዬ ማለት ይሄ ነው! «ሪቤዝ አድርግ» (ለውጥህን በአዲሱ ኮዳችን ላይ መልሰህ አስቀምጥ) አሉኝ፣ አደረግሁ። «ኮሚቶቹን ወደ አንድ ጠቅልል» አሉኝ፣ ጠቀለልኩ። ሌላው ደግሞ መጣና «ቴስቱንና ማስተካከያውን ለምን ደባለቅህ? ለያቸው» አለኝ። ይሄ መመሪያው ላይ የለም! የትኛቸውን ልስማ?

ከዚያ ጸጥ። ሁለት ጊዜ በትሕትና አስታወስኩ። ምንም። ትናንት ቦቱ (በራሱ የሚሠራው ፕሮግራማቸው) ጥያቄዬን «እንቅስቃሴ ስለሌለው ተዘግቷል» ብሎ ዘጋብኝ። እንቅስቃሴ የጠፋው በማን በኩል ነው? መልስ ስጠብቅ የከረምኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?

ያለ ደመወዝ፣ በትርፍ ሰዓታቸው እንደሚሠሩ አውቃለሁ። አከብራቸዋለሁ። እኔም ግን የሠራሁት በትርፍ ሰዓቴ ነው፤ ዳታውም በኪሴ ነው። በልባችሁ የያዛችሁትን ሕግ እዚያው መመሪያው ላይ ጻፉት። ካልፈለጋችሁትም በጊዜ «አንፈልገውም» በሉ፣ ቁርጤን ልወቅ።

ዛሬ ማታ እንደገና እከፍተዋለሁ። ቀጣዩ ጳጉሜ 6 በ2019 ነው። እስከዚያ እንኳ የልጅቷን ልደት ይቀበልልኝ።