እርማት፦ የብላክ ሜታል ሻካራ ድምፅ ከርካሽ ዕቃ አይመጣም

ብላክ ሜታል የሚባለውን የሄቪ ሜታል ሮክ ሙዚቃ ዘርፍ በተመለከተ፣ «እውነተኛ የብላክ ሜታል አልበም ምድር ቤት ውስጥ በርካሽ ማይክ ይቀዳል፤ ስቱዲዮ ያበላሸዋል» የሚለው አባባል ስህተት ነው። የሜይሄም ባንድ «ዴ ሚስቴሪስ ዶም ሳታናስ» አልበም እና የኤምፐረር ባንድ የመጀመሪያ ሙሉ አልበም የተቀዱት ኖርዌይ ውስጥ፣ በርገን ከተማ፣ ግሪግሃለን በሚባለው የኮንሰርት አዳራሽ ውስጥ ባለ ስቱዲዮ ነው። አዳራሹ የከተማዋ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ የሚጫወትበት ነው! በእርግጥ ዳርክስሮን የተባለው ባንድ እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣውን አልበም ቤት ውስጥ በባለ 4 ትራክ መቅጃ (አራት ድምፅ ብቻ ለየብቻ በሚይዝ) ቀድቷል፤ ግን ያ ምርጫ እንጂ ሕግ አይደለም።

ሻካራነቱ የሚሠራው በአቀዳዱና በሚክሱ (የተቀዱትን ድምፆች በማዋሃዱ) ነው። በደቂቃ 200 ምት በሚሄድ ዘፈን፣ ጊታሩ ባለ አንድ አሥራ ስድስተኛ ኖታ (በአንድ ምት አራት ኖታ) በትሬሞሎ፣ ማለትም ክሩን በፍጥነት በመደጋገም፣ ሲመታ፣ ከአንዱ ኖታ እስከ ቀጣዩ ያለው 75 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ሁለት ሰከንድ የሚቆይ ሪቨርብ (የአዳራሽ ዓይነት ማስተጋባት) ሲጨመርበት ከ25 በላይ ኖታዎች ይደራረቡና ዜማው ይጠፋል። መፍትሔው ሪቨርቡን ማጥፋት አይደለም፤ ወደ ሪቨርቡ ከሚገባው ድምፅ ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን (ወፍራሙን) መቁረጥና የሪቨርቡን መጠን መቀነስ ነው።

የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረው ዲስቶርሽንም ከሚታሰበው በታች ይሁን። አንዱ ሪፍ (ተደጋጋሚ የጊታር ሐረግ) ሁለቴ ተቀድቶ ግራና ቀኝ ሲቀመጥ ውፍረቱ በራሱ ይመጣል፤ ከልክ ያለፈ ጌይን (የዲስቶርሽኑ ኃይል) ግን የመምቻውን ንክኪ ይውጠዋል። ከእያንዳንዱ ቅጂ በፊት ጊታሩ ይቃኝ፤ ሁለቱ ቅጂዎች በቅኝት ትንሽ ከተለያዩ ሚክስ አያድናቸውም።