ሙዚየም የሆነ ሰርጓጅ መርከብ ከባሕር ይውጣ

የሰርጓጅ መርከብ ሙዚየሞች የሚያወጧቸው ዜናዎች ይመሳሰላሉ፦ የተማሪዎች ጉብኝት፣ ልጆች መርከቡ ውስጥ የሚያድሩበት ምሽት፣ ባሕር ላይ ለቀሩ መርከበኞች የሚደረግ መታሰቢያ፣ የቀድሞ ባልደረቦች መገናኛ ቀን። ሁሉም መልካም ሥራ ነው። ስለ መርከቡ ብረት ግን የሚነገረው እምብዛም ነው፤ ሲነገርም ብዙውን ጊዜ ጅብ ከሄደ በኋላ ነው። ለሕዝብ የተከፈተ ሰርጓጅ መርከብ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ መኖር የለበትም። ብረቱ ሳይሳሳ፣ ገንዘቡም ሳያልቅ ወደ የብስ መውጣት አለበት።

ምክንያቱ ከአሠራሩ ይጀምራል። ሰዎቹ የሚኖሩበትና የባሕሩን ግፊት የሚችለው የውስጥ አካል ወፍራም ብረት ነው። በዙሪያው ያሉት ባላስት ታንኮች፣ ማለትም ውሃ ሲሞሉ መርከቡን የሚያሰምጡት፣ አየር ሲሞሉ ደግሞ የሚያንሳፍፉት፣ ከስስ ብረት የተሠሩ ናቸው። በብዙዎቹ የቆዩ መርከቦች ታንኩ ከታች ለባሕሩ ክፍት ስለሆነ ውሃው እንዳይገባ የሚያግደው ከላይ የታፈነው አየር ብቻ ነው። አናቱ ላይ ዝገት የበሳት ትንሽ ቀዳዳ አየሩን ቀስ በቀስ ታስወጣለች፤ መርከቡም በዚያው ልክ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ይህች ቀዳዳ ያለችው ደግሞ ጎብኚው ከሚረግጠው ወለል ሥር፣ ዝናብና የወፍ ኩስ በሚከማችበት፣ ብሩሽ በማይደርስበት ጠባብ ክፍተት ውስጥ ነው።

ከዚህም ሌላ ብረት ክፉኛ የሚበላው ውሃና አየር በሚገናኙበት መስመር ላይ ነው። የነሐስ ፕሮፔለር በጨው ውሃ ውስጥ ከብረት ጋር ሲያያዝ የሚበላው ብረቱ ነው፤ ዚንክ የሚገጠመውም በብረቱ ፈንታ እንዲበላ ነው። ዚንኩ አልቆ ካልተተካ ተራው የብረቱ ነው። ከወደቡ የተሳበው የኤሌክትሪክ መስመር በአግባቡ ካልተዘረጋ የሚያፈተልከው ኮረንቲ ጥፋቱን ያፋጥነዋል። አገልግሎት ላይ ያለ መርከብ ይህን ሁሉ ለማየትና ለመጠገን በየጥቂት ዓመቱ ድራይ ዶክ ይገባል፤ ውሃው ተመጥጦ ሆዱ ይታያል። ሙዚየም የሆነው ግን አሥርና ሃያ ዓመት ሳይገባ ይቆያል።

ውጤቱን አይተነዋል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት ፕሮቪደንስ ከተማ ሙዚየም የነበረው የሶቪየቱ ኬ-77 በ2007 በኤፕሪል ማዕበል እዚያው ቆሞበት በነበረው ቦታ ሰጠመ። በ2008 የአሜሪካ ጦርና የባሕር ኃይል ጠላቂዎች አወጡት፤ ጎብኚ ግን ዳግም አላየውም፤ ተቆራረጠ። እዚያው አሜሪካ በቻርለስተን ወደብ ከ1981 ጀምሮ ሲጎበኝ የኖረው ክላማጎር የተባለው ሰርጓጅ መርከብም በ2022 ወደ ማፍረሻ ተጎተተ።

ግሮተን፣ ኮነቲከት ያለው ናውቲለስ ተንሳፍፎ አለ ተብሎ ይቀርብ ይሆናል። በኒውክሌር ኃይል የተንቀሳቀሰ የመጀመሪያው ሰርጓጅ መርከብ፣ በ1958ም በበረዶው ሥር ሰሜን ዋልታን የረገጠው እሱ ነው። በ2021 ድራይ ዶክ ገብቶ፣ ወደ 36 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት በ2022 እንደገና ተከፈተ። መግቢያው ነጻ ነው። ይህ ሊሆን የቻለው ባለቤቱ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ስለሆነ፣ የጥገና ገንዳውም እዚያው አጠገቡ ስላለ ነው። በቲኬትና በመዋጮ የሚኖር ማኅበር ይህን ያህል ገንዘብ ከየት ያመጣል?

ማውጣት ብቻውን ግን አይበቃም። በእንግሊዝ ጎስፖርት ባለው ሙዚየም አሊያንስ የተባለው ሰርጓጅ መርከብ በድጋፍ ላይ ተነስቶ ነበር፤ ሥሩ ግን ባሕር ነበር። የጨው እርጥበት ከታች እየመጣ፣ እርግቦች ውስጡ ጎጆ እየሠሩ፣ ጫፍና ጫፉ ተበላ። መሰላል የሚቆምበት መሬት ስላልነበረ ለመጠገንም አስቸገረ። መፍትሔው ባሕሩን ገድቦ ከመርከቡ ሥር መሬት መሙላት ሆነ፤ ጠቅላላ እድሳቱ ወደ 7 ሚሊዮን ፓውንድ ፈጅቶ በ2014 ተጠናቀቀ።

እዚያው ሙዚየም ያለው ሆላንድ 1 ከሁሉም ይበልጥ ያስተምራል። በ1901 ውሃ ላይ የዋለ፣ የብሪታንያ ባሕር ኃይል የመጀመሪያው ሰርጓጅ መርከብ ነው። በ1913 በ410 ፓውንድ ለማፍረሻ ተሸጦ ሲጎተት ሰጠመ፤ በ1982 ከባሕር ወጣ። ፀረ ዝገት ተቀብቶ ለእይታ ቀረበ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግን ብረቱ ከውስጥ እየፈረሰ መሆኑ ታወቀ። ባሕር ውስጥ በኖረበት ዘመን ክሎራይድ፣ ማለትም ከባሕሩ ጨው የሚገኘው ንጥረ ነገር፣ በብረቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ዘልቆ ስለነበር ላዩን መቀባት ጨውን ውስጥ አሽጎ ማስቀመጥ ሆነ። በ1995 በዙሪያው ትልቅ የፋይበርግላስ ገንዳ ተሠርቶ መርከቡ በሶዲየም ካርቦኔት ውህድ ተዘፈዘፈ። ውህዱ አልካሊ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ ስለሆነ ብረቱ ተዘፍዝፎ እያለ አይዝግም፤ ክሎራይዱ ግን ቀስ እያለ ወደ ውሃው ይወጣል። ይህ ዓመታት ፈጀ። ዛሬ የአየሩ እርጥበት ቁጥጥር በሚደረግበት ሕንፃ ውስጥ ይገኛል። ላዩን ቀብቶ ማሳመር ለሚቀናቸው ሁሉ ይህ ታሪክ በደንብ ሊነገራቸው ይገባል።

በእስራኤል ሐይፋ ለሚኖሩ አንባቢዎች ምሳሌው ቅርብ ነው። ከቀርሜሎስ ተራራ ግርጌ ባለው የባሕር ኃይል ሙዚየም ጋል የተባለው ሰርጓጅ መርከብ የብስ ላይ ቆሟል። በ1968 ከ69 መርከበኞች ጋር የጠፋው ዳካር የተባለው የእስራኤል ሰርጓጅ መርከብ ማማም፣ በ2000 ከባሕር ወለል ወጥቶ፣ እዚያው ይታያል።

የበጎ ፈቃደኞች የሥራ ቀንም በዚሁ መልክ ቢታሰብ ብዙ ይጠቅማል። ነሐስ መወልወል ለልጆች ይሁን። ብረት የሚቀባ ቡድን ግን መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ ጨውን ማጠብ፣ ከዚያም ቀሪ ጨው መኖሩን መለካት አለበት፤ ጨው ላይ የተቀባ ቀለም ውሃ ቋጥሮ ይነሳል። የብረቱ ሙቀት ጤዛ ከሚፈጠርበት ሙቀት ቢያንስ 3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልበለጠ ቀለም አይከፈትም። የሳሳ ብረት ላይ መዶሻም ሆነ የዝገት ማራገፊያ ማሽን አይነካም፤ አስቀድሞ በአልትራሳውንድ ውፍረቱ ይለካ። እርሳስ ያለበት የድሮ ቀለምና በቱቦዎች ላይ የተጠቀለለ አስቤስቶስ የተባለ የሙቀት መከላከያ የባለሙያ ሥራ ናቸው። ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ የቆየ ታንክ ውስጥ ደግሞ ዝገቱ ኦክስጅኑን በልቶት ሊሆን ይችላል፤ ሽታ የለው፣ ምልክት የለው፣ የገባውን ሰው ይጥላል። አየሩ ተለክቶ ኦክስጅኑ ከ19.5 በመቶ በታች ከሆነ ማንም አይገባም።

ሙዚየሞቹ የብረቱን ውፍረት ልኬት ውጤት በየዓመቱ ከበዓሉ ማስታወቂያ ጎን ያውጡት፦ በዚህ ቦታ ብረቱ መጀመሪያ ይህን ያህል ሚሊሜትር ነበር፣ ዘንድሮ ይህን ያህል ቀርቷል። ሰው ለምን እንደሚያዋጣ የሚያውቀው ያኔ ነው። አሮጌ ሰርጓጅ መርከብ ለመረከብ የሚደራደር ከተማም ፊርማውን ከማኖሩ በፊት ሦስት ነገሮች በጽሑፍ ይያዝ፦ የብስ ላይ የሚቆምበት ቦታ የት ነው፣ የማውጫው ገንዘብ በየትኛው ሒሳብ ተቀምጧል፣ ነገሩ ካልተሳካስ የማፍረሻውን ወጪ የሚከፍለው ማን ነው።